የኤፍኤ ካፕ ፍጻሜ፦ ኳስ ቤት ውስጥ ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ

ሰፈራችን ካለው ኳስ ማሳያ ቤት ቅዳሜ አልጠፋም። አብሮኝ የሚያየው ሰው ፕሪሚየር ሊጉን እንደ ዳዊት ይደግመዋል። የኤፍኤ ካፕ ነገር ሲነሳ ግን ግማሹ ይደናገራል። "ይሄ ደግሞ የቱ ዋንጫ ነው?" ይለኛል። በተለይ ግንቦት 9 ቀን 2017 ዓ.ም. ክሪስታል ፓላስ ማንቸስተር ሲቲን አሸንፎ ዋንጫውን ካነሳ ወዲህ ጥያቄው በዛብኝ። ሻዬ እስኪቀዘቅዝ ከማስረዳ አንዴ ጽፌ ልገላገል ብዬ ነው። ዓ.ም. ካላልኩ በስተቀር ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ኤፍኤ ካፕ ከሊጉ በምን ይለያል?

የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር የሚያዘጋጀው ጥሎ ማለፍ ነው። ተሸነፍክ፣ ወጣህ። ሊጉ ላይ ዛሬ ብትሸነፍ በሳምንቱ ታካክሰዋለህ። እዚህ በሳምንቱ የሚባል ነገር የለም።

ሌላው ልዩነት የተሳታፊው ብዛት ነው። ፕሪሚየር ሊጉ የ20 ክለቦች ነው። ኤፍኤ ካፕ ላይ ግን ከ700 በላይ ክለብ ይመዘገባል። ከእነዚህ አብዛኞቹ ስማቸውን ሰምተን የማናውቅ የመንደር ክለቦች ናቸው፣ ተጫዋቾቻቸው ቀን ሥራ ውለው ማታ ልምምድ የሚሠሩ። እነሱ ክረምት ላይ ይጀምራሉ። እየተጣጣሉ፣ እየተጣጣሉ ይመጡና ሦስተኛው ዙር ሲደርስ የፕሪሚየር ሊጉ ክለቦች ይቀላቀሏቸዋል። ይህ ዙር የሚውለው እኛ ገናን በምናከብርበት ሰሞን ነው። የዶሮ ወጡ ድስት ገና ሳይታጠብ አንድ ትልቅ ክለብ ጭቃ ሜዳ ላይ ሲዋረድ ማየት የሚወድ ሰው ካለ ቀኑን ይያዘው።

ስንት ዓመት ሆነው?

የዓለማችን አንጋፋው የእግር ኳስ ውድድር ነው። የተጀመረው 1871 ሲሆን የመጀመሪያው ፍጻሜ የተካሄደው በመጋቢት 1872 ነው። አፄ ዮሐንስ 4ኛ አክሱም ላይ በነገሡበት ዓመት ማለት ነው። ዋንደረርስ የሚባል ክለብ ሮያል ኢንጂነርስ የተባሉትን የጦር መሐንዲሶች 1 ለ 0 አሸነፈ። ሜዳው የክሪኬት ሜዳ ነበር፣ ተመልካቹም 2,000 ያህል ሰው።

የመጀመሪያዋ ዋንጫ ግን የለችም። በ1895 አስቶን ቪላ አሸንፎ በርሚንግሃም ውስጥ አንድ የስፖርት ዕቃ ሱቅ መስኮት ላይ ለእይታ ተቀምጣ ሳለ ሌሊት ሌባ ገብቶ ወሰዳት። እስከ ዛሬ አልተገኘችም። ከዓድዋ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ የጠፋች ዋንጫ ናት እንግዲህ፣ አሁን የሚነሳው ተተኪዋ ነው።

የ2025ቱ ፍጻሜ ለምን ያን ያህል ተወራለት?

ይሄን ስትጠይቁኝ ደስ ይለኛል።

ክሪስታል ፓላስ የደቡብ ለንደን ክለብ ነው። በ1905 ተመሠረተ። ከዚያን ቀን ጀምሮ አንድም ትልቅ ዋንጫ አንስቶ አያውቅም ነበር። 120 ዓመት! አያት፣ አባት፣ ልጅ፣ የልጅ ልጅ፣ ሁሉም በተራው ደግፎ ምንም ሳያይ የቆየበት ክለብ ነው። በተቃራኒው የቆመው ማንቸስተር ሲቲ ደግሞ ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት ዋንጫ የሚያስቀምጥበት መደርደሪያ አጥቶ ነበር።

ጨዋታው በእኛ ሰዓት ምሽት 12:30 ላይ ጀመረ። ገና ከጅምሩ ሲቲ ፓላስን ግብ ክልሉ ውስጥ አፍኖ ያዘው። የፓላሱ በረኛ ዲን ሄንደርሰን የሲቲውን አጥቂ የሃላንድን ኳስ አወጣ። ኳስ ቤቱ ውስጥ "ዛሬ አራት ነው፣ አምስት ነው" መባል ተጀመረ። አጠገቤ የተቀመጠው ልጅ እንዲያውም ተነስቶ ለውዝ ሊገዛ ወጣ።

16ኛው ደቂቃ ላይ ፓላሶች አንዴ ወጡ። ማቴታ ጀርባውን ሰጥቶ ኳሷን ያዘና ወደ ቀኝ ለቀቃት። ሙኞዝ ሮጦ ደረሰባትና ሳያቆም ወደ መሐል ላካት። ኤቤሬቺ ኢዜም ሳያቆም መታት። መረብ! ሦስት ሰው ብቻ። ልጁ ለውዙን ይዞ ሲመለስ 1 ለ 0 ሆኗል፣ "መልሱልኝ" እያለ ነው የገባው።

ከዚያ በኋላ የነበረው ከ80 ደቂቃ በላይ መከላከል ብቻ ነው። ሲቲ ኳሱን ይዞ ይዞራል፣ ይዞራል፣ ፓላስ በአምስት ሰው መስመር ሠርቶ ይጠብቃል። ሁለተኛው አጋማሽ ላይ ሙኞዝ አገባ ብለን ጮኸን ከጨዋታ ውጪ ተባለ። መጨረሻ አካባቢ የሲቲው አሠልጣኝ ጓርዲዮላ ኤቼቬሪ የሚባል፣ ለክለቡ ተጫውቶ የማያውቅ የ19 ዓመት አርጀንቲናዊ አስገባ። ልጁ አንድ ጥሩ ዕድል አገኘ፣ ሄንደርሰን አወጣበት። 10 ደቂቃ የባከነ ሰዓት ተጨመረ። 10! እኔ የአርሰናል ደጋፊ ነኝ፣ ፓላስ ምኔም አይደለም፣ ግን ጥፍሬን በላሁ።

ፊሽካው ሲነፋ ዋንጫውን አምበሉ ማርክ ጉዪ ከጆዌል ዋርድ ጋር ሆኖ ነው ያነሳው። ዋርድ በ2012 የመጣ ተከላካይ ነው፣ በዚያ ዓመት ክለቡን ሊሰናበት ነበር። የዚያን ጊዜው አሠልጣኝ ኦሊቨር ግላስነር ኦስትሪያዊ ነው።

ሄንደርሰን በቀይ መውጣት አልነበረበትም?

ይሄ ጥያቄ ኳስ ቤት ውስጥ ሰው ሊያጣላ ነበር። እስከ ዛሬም አላበቃም።

የሆነው እንዲህ ነው። ከጎሉ ትንሽ ቆይቶ ለሃላንድ ረጅም ኳስ ተጣለለት። ሄንደርሰን ወጣና ኳሷን በእጁ ገፋት። ችግሩ ኳሷ የግብ ክልሉን መስመር አልፋ ነበር። በረኛም ቢሆን ከመስመሩ ውጪ በእጅ መንካት አይችልም። ዳኛው ግን አላየም። ቫር፣ ማለትም የቪዲዮ ዳኛው፣ አየው። አይቶም ቀይ አይደለም አለ።

ምክንያቱ ይህ ነው፦ ቀይ የሚሰጠው ግልጽ የጎል ዕድል ሲከለከል ነው፣ ሃላንድ ደግሞ ሲሮጥ የነበረው ወደ ጎሉ ሳይሆን ወደ ጎን እየራቀ ነው ተባለ። "እሺ ቀዩ ይቅር፣ ቢያንስ ቅጣት ምትስ?" ትላላችሁ። ቫር ለቅጣት ምት ብቻ ብሎ ጨዋታ ማስቆም አይፈቀድለትም። ቀይ ካልሆነ ዝም ማለት ነው ያለበት። ስለዚህ ሁሉም ሰው ጥፋት መሆኑን እያየ ምንም ሳይሰጥ ታለፈ።

የእኔን ሐሳብ ከፈለጋችሁ፣ ሲቲ ላይ ግፍ ተሠርቷል። ሃላንድን የሚያውቅ ሰው ከዚያች ጎን ተነስቶ ጎል እንደሚያስቆጥር ያውቃል። ግን ደግሞ አላዘንኩም፣ ልዋሽ አልችልም።

ፍጹም ቅጣት ምቱን ሃላንድ ለምን አልመታውም?

36ኛው ደቂቃ አካባቢ የፓላሱ ሚቼል የሲቲውን በርናርዶ ሲልቫን ጣለና ፍጹም ቅጣት ምት ተሰጠ። ሃላንድ ኳሷን ይዞ ቆመ፣ ሁላችንም እሱ ነው አልን፣ ከዚያ ለኦማር ማርሙሽ ሰጠው። ጓርዲዮላ ራሱ ሃላንድ የሚመታ መስሎት እንደነበር ከጨዋታው በኋላ ተናግሯል። ሄንደርሰን አዳነው። ያው ከደቂቃዎች በፊት በቀይ መውጣት ነበረበት የተባለው ሰው!

እኛ ግን አላየነውም። ማርሙሽ ኳሷን አስቀምጦ ወደ ኋላ መራመድ ሲጀምር መብራት ሄደ። ጨለማ። ስድሳ ሰው የሚሆን ሕዝብ በአንድ ድምፅ "ኧረ!" አለ። ባለቤቱ ጄኔሬተር ለማስነሳት ሲሮጥ ወንበር ላይ ወደቀ። ከመንገዱ ማዶ ያለው ቤት ጄኔሬተሩን ቀድሞ አስነስቷልና ከዚያ ከፍተኛ ጩኸት ተሰማ። ግን የጎል ጩኸት ነው ወይስ የመሳት? ጋሼ የምንላቸው፣ ኳስ ከሬዲዮ ዘመን ጀምሮ የሚከታተሉ ሽማግሌ፣ በጨለማው ውስጥ ረጋ ብለው "ሪጎሬው ተስቷል" አሉ። "በምን አወቁ ጋሼ?" ስንላቸው "ሲገባ የሚጮኸው የሲቲ ደጋፊ ነው። ማዶ ቤት ደግሞ የሲቲ ደጋፊ የለም" አሉን። ስልክ ተከፍቶ ሲታይ ልክ ናቸው።

ፓላስ ከዚያ በፊት ፍጻሜ ደርሶ አያውቅም?

ሁለት ጊዜ ደርሷል፣ ሁለቱንም በማንቸስተር ዩናይትድ ተሸንፏል።

በ1990 3 ለ 3 ወጡ። ያኔ ጨዋታው ይደገም ነበርና በድጋሚው 1 ለ 0 ተሸነፉ። በ2016 ደግሞ የከፋው ሆነ። 78ኛው ደቂቃ ላይ የፓላሱ ፓንቺዮን አገባ፣ አሠልጣኙ አለን ፓርዲው መስመሩ ላይ እስክስታ አይሉት ምን አይሉት አንድ ዳንስ ጨፈረ። ሦስት ደቂቃ ሳይቆይ የዩናይትዱ ሁዋን ማታ አቻ አደረገ፣ በጭማሪው ሰዓት ሊንጋርድ ጨረሰው። ያ ዳንስ እስከ ዛሬ በየቪዲዮው ይዞራል። ሚስኪን፣ ፓርዲው እኮ በ1990ው ግማሽ ፍጻሜ ሊቨርፑልን 4 ለ 3 ሲያሸንፉ የመጨረሻዋን ጎል ያገባው እሱው ራሱ ነበር።

አንድ ደግሞ የሚገርም ነገር፦ ከ1895 እስከ አንደኛው የዓለም ጦርነት መግቢያ ድረስ ፍጻሜው የሚካሄደው ክሪስታል ፓላስ በሚባለው ሜዳ ነበር። ድግሱ በየዓመቱ ደጃቸው ይደገስ ነበር፣ እነሱ ግን ለመቅመስ 2025ን ጠበቁ።

ፍጻሜው ሁልጊዜ ዌምብሌይ ነው?

ከ1923 ጀምሮ አዎ፣ ከጥቂት ጊዜ በስተቀር። አሮጌው ስታዲየም ፈርሶ አዲሱ ሲሠራ ከ2001 እስከ 2006 ዌልስ ውስጥ ካርዲፍ ላይ ነበር። በ2007 ተመለሰ።

የ1923ቱን ልንገራችሁ። ዌምብሌይ ያኔ አዲስ ነው። በር ላይ የተቆጠረው ሰው 126,047 ቢሆንም በአጥር ዘሎ የገባውም ብዙ በመሆኑ ሕዝቡ ሜዳው ላይ ፈሰሰ። ነጭ ፈረስ የሚጋልብ ፖሊስ ቀስ እያለ ሰዉን ወደ መስመሩ ገፍቶ ነው ጨዋታው የተጀመረው። ፈረሱ ቢሊ ይባል ነበር። ቦልተን ዌስትሃምን 2 ለ 0 አሸነፈ፣ ግን ከውጤቱ ይልቅ የሚታወሰው ፈረሱ ነው። ዛሬም "የነጩ ፈረስ ፍጻሜ" ይባላል።

ግማሽ ፍጻሜዎቹም ከ2008 ወዲህ እዚያው ዌምብሌይ ነው የሚደረጉት። አንዳንዱ ይሄ የፍጻሜውን ክብር ቀንሶታል ይላል። እኔም ከእነሱ ነኝ።

ዋንጫ ሲቀበሉ ያ ሁሉ ደረጃ ለምንድን ነው?

107 ደረጃ ነው። የክብር እንግዶቹ ያሉት ላይ ስለሆነ ወጥተው ይቀበላሉ። 90 ደቂቃ ሲሮጥ ለዋለ ሰው ቅጣት ይመስላል፣ ያሸነፈ ግን ሲወጣው አይታወቀውም። ዋንጫው ጆሮዎች ላይ የሚታሰረው ሪባን ያሸናፊው ክለብ ቀለም ነው።

አቻ ቢወጡስ?

30 ደቂቃ ይጨመራል፣ አሁንም አቻ ከሆነ መለያ ምት። ፍጻሜው ለመጀመሪያ ጊዜ በመለያ ምት ያለቀው በ2005 ነው፣ አርሰናል ዩናይትድን ያሸነፈበት። የመጨረሻዋን የመታው ቪዬራ ነው፣ ለአርሰናል የመታት የመጨረሻ ኳስም እሷው ሆነች።

ድጋሚ ጨዋታ የሚባለው ከ2024-25 ጀምሮ ከዋናው ውድድር ጠቅላላ ተሰርዟል። ትልልቆቹ ክለቦች ጨዋታ በዛብን አሉ። ትንንሾቹ ግን ከሰሩ። ለአንድ የአራተኛ ዲቪዚዮን ክለብ ዩናይትድ ሜዳ ኦልድትራፎርድ ሄዶ አቻ ወጥቶ ትልቁን ክለብ ወደ ሰፈሩ መልሶ ማምጣት የዓመት በጀት ነበር።

ያሸነፈ ምን ያገኛል?

ፓላስ ለፍጻሜው 2 ሚሊዮን ፓውንድ አገኘ። ለእኛ ብዙ ይመስላል፣ ለፕሪሚየር ሊግ ክለብ ግን የአንድ ተጫዋች ደሞዝ ነው። ትልቁ ሽልማት የአውሮፓ መድረክ ነው፦ አሸናፊው ከሻምፒዮንስ ሊግ ቀጥሎ ያለው ዩሮፓ ሊግ ይገባል።

ታዲያ ፓላስ ለምን ዩሮፓ ሊግ አልገባም?

ይሄን ላስረዳ ብዬ ስንት ቀን ደክሜያለሁ።

ጆን ቴክስተር የሚባል አሜሪካዊ ባለሀብት በድርጅቱ በኩል ፓላስ ውስጥም ድርሻ ነበረው፣ የፈረንሳዩን ሊዮንንም ይዞ ነበር። የአውሮፓ እግር ኳስ ማኅበር ሕግ ደግሞ አንድ ሰው ሁለት ክለቦች ላይ ወሳኝ ሥልጣን ይዞ ሁለቱን አንድ ውድድር ላይ ማሰለፍ አይችልም ይላል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፣ ሁለቱ ቢገናኙ ማን ይሸነፍ የሚለውን ባለቤቱ ቤቱ ቁጭ ብሎ ሊወስን ይችላላ። ነገሩን አስተካክሎ መጨረስ የሚቻለው እስከ ማርች 1 ነበር። ማርች 1 ላይ ደግሞ ፓላስ ገና አምስተኛው ዙር ላይ ነው፣ ማን አውሮፓን ያስባል?

ሊዮንም ዩሮፓ ሊግ ገባ። ሁለቱ ሲጋጩ በሀገር ውስጥ ሊግ የተሻለ ደረጃ ላይ የጨረሰው ይቅደም ይባላል። ሊዮን 6ኛ፣ ፓላስ 12ኛ። ፓላስ ከዚያ ዝቅ ወዳለው ኮንፈረንስ ሊግ ወረደ፣ ቦታው ለኖቲንግሃም ፎረስት ተሰጠ። ቴክስተር ድርሻውን ሸጦ ወጣ፣ ግን ረፍዶ ነበር። ይግባኝ አሉ። ኦገስት 10 እሑድ የሊጉ ሻምፒዮንና የኤፍኤ ካፕ አሸናፊ በሚገጥሙበት ጨዋታ ሊቨርፑልን በመለያ ምት አሸንፈው ኮሚዩኒቲ ሺልድን አነሱ፣ ሰኞ ይግባኛቸው ውድቅ ሆነ። የአንድ ቀን ደስታ እንኳን አልጠገቡም።

ሕጉ ትክክል ነው። ሜዳ ላይ የወሰዱትን በወረቀት መነጠቅ ግን ያንገበግባል።

ብዙ ጊዜ የወሰደው ማነው?

እስከ 2025 ፍጻሜ ድረስ አርሰናል፣ 14 ጊዜ። ዩናይትድ 13። ክርክር የለም፣ ቀጥሉ።

ካራባኦ ካፕስ ያው ነው?

አይደለም። ካራባኦ የሊግ ዋንጫው ነው፣ 92ቱ የሊግ ክለቦች ብቻ የሚጫወቱበት፣ በየካቲት ወይም በመጋቢት የሚያልቅ። በዚያው ዓመት ኒውካስል ሊቨርፑልን 2 ለ 1 አሸንፎ ወሰደው፣ እሱም ከ1955 ወዲህ የመጀመሪያ ትልቅ የሀገር ውስጥ ዋንጫው ነበር። የተራቡ የጠገቡበት ዓመት ነበር በአጭሩ።

እኛ ሀገርስ እንዲህ ያለ ነገር የለም?

አለ እንጂ። የኢትዮጵያ ዋንጫ አለ፣ ድሮ ጥሎ ማለፍ የምንለው። ሰው የሚረሳው ግን ያ ዋንጫ የት ሊያደርስ እንደሚችል ነው።

ወላይታ ድቻ በ2009 ዓ.ም. መከላከያን በመለያ ምት አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። በዚያም የአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ካፕ ገባ። መጀመሪያ የዛንዚባሩን ዚማሞቶ ጣለ። ቀጥሎ የደረሰው ማን ነው? ዛማሌክ! የአፍሪካን ሻምፒዮንስ ሊግ አምስት ጊዜ የወሰደው የግብፁ ዛማሌክ። የካቲት 2010 ዓ.ም. ሐዋሳ ላይ ድቻ 2 ለ 1 አሸነፈ። "እሺ፣ መልሱ ካይሮ ነው" ተባለ። ግብፅ ላይ ዛማሌክ 2 ለ 1 አሸነፈና እኩል ሆኑ። መለያ ምት፣ ድቻ 4 ለ 3። የሶዶ ልጆች ዛማሌክን በሜዳው አሰናበቱት! ከዚያ ያንግ አፍሪካንስ አስቆማቸው፣ ይሁን።

ፓላስ ሲያሸንፍ ኳስ ቤቱ ሲንጫጫ አንድ የሶዶ ልጅ ከኋላ ወንበር ላይ ሆኖ "እኛ ይሄን ከሠራን ሰባት ዓመት ሆነን" ሲል ሳቅን። ግን እውነቱን ነው። የሚያሳዝነው የእኛ ዋንጫ ነገር መቆራረጡ ነው። በ2011 ዓ.ም. ፋሲል ከነማ ወሰደው፣ ከዚያ ለዓመታት ቆመ፣ በ2016 ዓ.ም. ሲመለስ ኢትዮጵያ ቡና አነሳው። የእንግሊዙ በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች ጊዜ ብቻ ነው የተቋረጠው።

ኢዜ አሁን የት ነው?

አርሰናል! ፍጻሜውን ካሸነፈ በሦስት ወሩ መጣልን። ልጅ ሆኖ እኛው አካዳሚ ነበር፣ 13 ዓመቱ ላይ አሰናብተነው ነው ወጥቶ የሄደው። ለመመለስ ስንት እንደተከፈለ አትጠይቁኝ።

ቀጣዩን ፍጻሜ መቼ ልጠብቅ?

አብዛኛውን ጊዜ ግንቦት ውስጥ፣ ቅዳሜ። ወንበር ከፈለጋችሁ 11 ሰዓት ላይ ድረሱ። ለውዙን ቀድማችሁ ግዙ፣ ማዶ ያለውን ቤት ጩኸትም ልብ በሉ፣ መብራት ከሄደ እሱ ነው ውጤት የሚነግረን።